ተመልካቹ «ቁም!» ሲል

ዛሬ ስለ ቴአትር እናወራለን። የምናነሣው አንድ ያልተለመደ የቴአትር አሠራር ተራውን ሰው ስለ መሬት፣ ስለ ደሞዝና ስለ ሕግ እንዴት አድርጎ እንዳነጋገረ ነው። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ ከእኛው ጋር እንዳይምታቱባችሁ።

ከጎረቤት እንጀምር፤ ከኬንያ። ጊዜው 1977 ነው። ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ገና በሥልጣን ላይ ናቸው። በጁላይ ወር ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ፔታልስ ኦፍ ብለድ» የሚል ወፍራም ልቦለድ በእንግሊዝኛ አወጣ። ልቦለዱ ከነጻነት በኋላ የመጡትን አዲስ ጌቶች አንዱንም ሳይምር የሚሸነቁጥ ነው። ታዲያ ናይሮቢ ላይ መራቂው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገንዘብ ሚኒስትሩ ምዋይ ኪባኪ! በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። ሚኒስትሩ መረቁ፣ ታዳሚው አጨበጨበ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ፖሊሶች ንጉጊን በሌሊት ከቤቱ ወሰዱት። ክስ ሳይመሠረትበት፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ ካሚቲ በሚባለው ጥብቅ እስር ቤት አንድ ዓመት ያህል ከረመ። በዚያው ክፍሉ ውስጥ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ሌላ ልቦለድ መጻፉን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ከምርቃቱ እስከ እስሩ ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ምን ተፈጠረ?

የተፈጠረው አንድ ተውኔት ነው። ከናይሮቢ ብዙም በማትርቀው ሊሙሩ፣ ካሚሪቱ የምትባል መንደር አለች። መንደሯ ራሷ በማው ማው የነጻነት ትግል ዘመን እንግሊዞች ገበሬውን ከየቦታው አፍሰው በግድ ያሰፈሩባት ናት። ንጉጊና ባልደረባው ንጉጊ ዋ ሚሪ ለመንደሯ የጎልማሶች ትምህርት ማዕከል በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት ጻፉ፤ ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ሲያሻኝ አገባለሁ» እንደ ማለት ነው። ጭብጡ ያው ነው፦ ትንሿን ማሳውን በከበርቴ የተነጠቀ ድሃ ቤተሰብ። ልቦለዱ ውስጥ ከተባለው የባሰ ነገር አልተባለበትም።

የተለየው አሠራሩ ነበር። ጽሑፉ ሲረቀቅ ለመንደሩ ሰው ተነበበ። ሰው ሰማ፣ አረመ፣ ጨመረ፣ ይህ እንዲህ አልነበረም አለ። በአቅራቢያው ባለው የጫማ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ተቀምጠው በቀን የሚያመርቱት ጫማ ስንት እንደሚያወጣ፣ ለእነሱ ደግሞ ስንት እንደሚደርሳቸው አሰሉና ሒሳቡን ወደ ተውኔቱ አስገቡት። የማው ማው ዘፈኖችን የሚያውቁ አዛውንቶች ዜማው ሲበላሽ ተነሥተው አቃኑ። ልምምዱ የሚካሄደው ገላጣ ሜዳ ላይ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ይተቻል። መድረኩንም ራሳቸው ሠሩት። ኦክቶበር 2 ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ተውኔቱ ለሕዝብ ሲቀርብ ያ ሁሉ ሰው አንዳንዱን ንግግር በቃሉ ያውቀው ነበር። ከሩቅም በኪራይ መኪና እየተጫነ የሚመጣ በዛ። ኖቬምበር 16 ላይ መንግሥት ፈቃዱን ነጠቀ፤ ቀሪውን ነግሬያችኋለሁ።

እንግዲህ ሚኒስትር የመረቀውን ሐሳብ መንደር ውስጥ መልሰው ሲናገሩት ያሳስራል ማለት ነው። አንዱ ምክንያት ቋንቋው መሆኑ አያከራክርም፤ የሊሙሩ ገበሬ እንግሊዝኛውን ልቦለድ አያነብም። ነገር ግን በኪኩዩ የተጻፈ ሁሉ ደራሲውን አላሳሰረም። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያ ልምምድ ሜዳ ላይ ነው። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የተዘጋጀ ንግግር አዳምጠው አልሄዱም፤ ተናጋሪዎቹ እነሱ ሆኑ። አንድ የጥበብ ሥራ የፖለቲካ ውይይት የሚያስነሣው መልእክቱ ስለ ከረረ ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን ለተመልካቹ ስንት ቦታ ትቶለታል ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። ይህን ነገር ከማንም በላይ አብሰልስሎ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ደግሞ ሞክሮ መልክ የሰጠው ግን ኬንያዊ አይደለም። ብራዚላዊ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አውጉስቶ ቦአል በ1931 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወለደ። አባቱ ዳቦ ቤት ነበረው። ልጁ ወደ ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬሚካል ምህንድስና ሊማር ሄደና ቴአትር ተምሮ ተመለሰ። በ1956 ሳን ፓውሎ ውስጥ አሬና የሚባል ቴአትር ቤት አዘጋጅ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ እሱና ጓደኞቹ ድሃ ወደ ሆነው የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ እየወረዱ ለገበሬዎች ይጫወቱ ነበር። ተውኔቶቻቸው በዘፈን ያበቃሉ፤ ዘፈኑ መሬት ላራሹ ይላል፣ ለመሬታችን ደማችንን እናፍስስ ይላል። ተዋንያኑ ያሸበረቀ ጠመንጃ ወደ ላይ ያነሣሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ጨዋታው እንዳለቀ ቪርጂሊዮ የሚባል ግዙፍ ገበሬ እንባው እየወረደ ወደ ቦአል መጣ። የእናንተም ሐሳብ እንደ እኛ ነው፣ ደስ ብሎኛል፤ እንግዲህ ጠመንጃችሁን ያዙና እንሂድ፣ የባለመሬቱ ቅጥረኞች የአንዱን ጓዳችንን መሬት ቀምተዋል፣ እናባርራቸው አለ። ቦአልና ጓደኞቹ ተያዩ። ጠመንጃው የመድረክ ዕቃ ነው፣ አይተኩስም አሉት። ግድ የለም፣ ለሁላችሁም የሚበቃ መሣሪያ እኛ አለን አለ ቪርጂሊዮ። የለም፣ እኛ የምር አርቲስቶች ነን እንጂ ገበሬዎች አይደለንም ብለው መለሱ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለቪርጂሊዮ የገባው። ይፍሰስ ስትሉት የነበረው ደም የእናንተ ሳይሆን የእኛ ነው ማለት ነዋ አላቸው።

ቦአል ይህን ታሪክ በአንድ መጽሐፉ ራሱ ጽፎታል፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም ሲያነሣው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ፣ እኔ የማልከፍለውን ዋጋ ሌላው እንዲከፍል የሚመክር ተውኔት አልሠራም አለ። እዚህ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ አድማጮቻችን በደርግ ጊዜ የነበረውን የቀበሌ ኪነት ሳያስታውሱ አይቀሩም። ድምፃቸው ያማረ፣ ውዝዋዜያቸው ልብ የሚሰርቅ ልጆች ነበሩባቸው። ነገር ግን መልሱ ከበላይ ተወስኖ የመጣ ነው፤ ከተመልካቹ የሚፈለገው ጭብጨባ ነበር። ለመልካም ዓላማ የተሠራ ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን አያከራክርም።

በ1964 የብራዚል ጦር ሥልጣን ያዘ። በ1968 ዲሴምበር ላይ ደግሞ «አምስተኛው ተቋማዊ ድንጋጌ» የሚባል አዋጅ ወጣና ፓርላማው ተዘጋ፣ ሳንሱሩ በረታ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቁ ጋዜጣ ኦ ኢስታዶ ደ ሳን ፓውሎ ሳንሱር በቆረጠበት ዜና ቦታ የጥንቱን ባለቅኔ የካሞይንሽን ግጥም እያተመ ያወጣ ነበር፤ እኅት ጋዜጣው ደግሞ የምግብ አሠራር ያወጣል። አንባቢም ግጥሙን ወይም የወጡን አሠራር ሲያይ እዚያ ቦታ አንድ ነገር እንደተሰረዘ ይረዳል።

ቦአልና ወጣት ተዋንያኑ በዚሁ ዘመን የፈጠሩት የጋዜጣ ቴአትር ይባላል። ድርሰት አያስፈልገውም፤ የዕለቱ ጋዜጣ በቂ ነው። አንድ ዜና ያለ ፎቶና ያለ ርዕሱ እንዲሁ ይነበባል። ወይም ሁለት ዜናዎች እያፈራረቁ ይነበባሉ፤ ስለ ኢኮኖሚው ዕድገት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ረኃብ አንድ ዓረፍተ ነገር። ወይም ጋዜጣው የዘለለው ነገር እየተጨመረበት ይነበባል። አንዳንዴም የመንግሥትን መግለጫ በሳምባ ምት ወይም በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያዜሙታል። ሳንሱር ያሳለፈውን ጽሑፍ በቃላቱ ላይ አንዲት ፊደል ሳይጨምሩ ዜማውን ብቻ ሲቀይሩት ምን ተብለው ይከሰሳሉ? ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ማንም ሊሠራው መቻሉ ነው። ቡድኑ ዘዴውን ለተማሪዎችና ለሠራተኞች እያስተማረ ሄደ፤ እነሱም ያለ አሬና ተዋንያን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ።

በ1971 ቦአል ተያዘ፣ ተገረፈ፣ ከአገር ወጣ። መጀመሪያ አርጀንቲና ተቀመጠ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቦአልን ቦአል ያደረገው ግን በ1973 ፔሩ ውስጥ ያገኘው አንድ ተግሣጽ ነው። የፔሩ መንግሥት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀምሮ ነበር፤ ቦአልም በቴአትር በኩል እንዲያግዝ ተጠራ። ያኔ የሚጠቀምበት ዘዴ ይህን ይመስላል። ተዋንያኑ አንድ ችግር ያሳያሉ፣ ችግሩ ሲከር ያቆማሉ፣ ተመልካቹ መፍትሔ ይሰነዝራል፣ ተዋንያኑ የተባለውን ይጫወታሉ።

አንዲት ሴት የራሷን ታሪክ ሰጠች። ባሏ ቤት እናሠራለን እያለ ገንዘቧን ይወስዳል፤ በምትኩ ወረቀት ይሰጣታል፣ የቤቱ ሰነድ ነው፣ ደብቀሽ አስቀምጪ ይላታል። ማንበብ አትችልም። አንድ ቀን ከባሏ ተጣላችና ወረቀቱን ለጎረቤት አስነበበች። ለካ ሰነድ የተባለው የባሏ ውሽማ የጻፈችው የፍቅር ደብዳቤ ኖሯል። ባልየው ነገ ይመጣል። ምን ታድርግ?

ተመልካቹ ያለውን ሰነዘረ። ታልቅስበት አሉ፣ ጥላው ትውጣ አሉ፣ በሩን ትዝጋበት አሉ። ሁሉም ተሞከረ። ሦስተኛው ረድፍ አካባቢ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት በንዴት ጦፋለች። የሷ ሐሳብ በግልጽ ታናግረውና ከዚያ ይቅር ትበለው የሚል ነበር። ተዋናይቷ ባልየውን በግልጽ አናገረችው። ሴትየዋ አይደለም አለች። ጠንከር አድርጋ ደገመችው። አሁንም አይደለም። ቦአል ግራ ገባው፤ የሚሉት አልገባንም፣ ለምን ራስዎ ወጥተው አያሳዩንም አላት። ወጣች። ባል ሆኖ የሚጫወተውን ምስኪን ተዋናይ ጨምድዳ ያዘችና በመጥረጊያ እንጨት እየቀጠቀጠች የሆዷን ነገረችው። ሲበቃት ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ አሁን በግልጽ ስለተነጋገርን እራቴን ከማድ ቤት አምጣልኝ አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቦአል ከዚህ የተማረው፣ እኔ በሰው ስም የምተረጉመው ነገር ሁሉ ጎዶሎ ነው የሚል ነው። ተመልካቹ ሐሳቡን ራሱ በገላው ይሥራው። መድረክ ቴአትር የምንለው አሠራር በዚህ መንገድ ተወለደ፤ ከዓመት በኋላ የታተመው «የተጨቆኑት ቴአትር» የሚለው መጽሐፉም ይህንኑ ለዓለም አስተዋወቀ። የመጽሐፉ ስም ከትምህርት ሊቁ ከፓውሎ ፍሬሬ «የተጨቆኑት ትምህርት» ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ አገርና የአንድ ሐሳብ ሰዎች ነበሩ።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። እንበልና አንዲት የቤት ሠራተኛ የሦስት ወር ደሞዟ አልተከፈላትም። አሥር ደቂቃ በምትሆን ተውኔት ትጠይቃለች፤ አሠሪዋ የሰበርሽው ሳህን፣ ያቃጠልሽው ምጣድ እያለች ትቆጥርባታለች፤ ደላላው መጥቶ ያስፈራራታል፤ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ባዶ እጇን ትወጣለች። ተውኔቱ አለቀ፤ ክፉ ሆኖ ማለቁ ግዴታ ነው። አሁን ያው ተውኔት ከመጀመሪያው ይደገማል። ከተመልካቹ መካከል እዚህ ላይ እንዲህ ማድረግ ነበረባት የሚል ሰው «ቁም!» ብሎ ይነሣል፣ ወደ መድረክ ይወጣል፣ የልጅቷን ቦታ ይይዛል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። የተበደለውን መተካት ይቻላል፤ በዳዩን ግን ማንም አይተካም። አሠሪዋን ተክቶ ደግ ሴት ማድረግማ ቀላል ነው፤ በማግስቱ ቤቷ ያለችው አሠሪ ግን ያችው ናት። ስለዚህ አሠሪዋንና ደላላውን የያዙት ተዋንያን ባላቸው ብልጠት ሁሉ ይከራከራሉ። አንዱ ወጥቶ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ ይላል። አሠሪዋም፣ ሂጂ፣ እኔ ቤት ለመሥራትሽ ምን ወረቀት አለሽ ትለዋለች። ሌላዋ ጎረቤቶችን ትጠራለች፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ አንገባም ይላሉ። ሦስተኛው ሲቀጠር ጀምሮ ውል ይጠይቃል፤ እንዲያ ከሆነ አንቀጥርሽም ይባላል። በመካከሉ ጆከር የሚባል አጫዋች አለ፤ ካርታ ውስጥ እንዳለው ጆከር የማንም ወገን አይደለም። ይህ ይሆናል ወይ? በእውነተኛው ሕይወት ሞክሮት የሚያውቅ አለ? እያለ አዳራሹን ይጠይቃል፤ መልስ ግን አይሰጥም። አራተኛው ሰው ሲወጣ ክርክሩ ከአንዲት ልጅና ከአንዲት አሠሪ አልፎ ሌላ ቦታ ደርሷል። ለቤት ሠራተኛ የጽሑፍ ውል የሚያስገድድ ሕግ አለ? ደላላን የሚቆጣጠረው ማነው? ወደ ዐረብ አገር ስትሄድስ? ፖለቲካ የሚለው ስም ሳይጠራ ሰዉ ሙሉ በሙሉ ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ስሰማ እኔ ትዝ የሚለኝ የጥንቱ በላ ልበልሃ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን እያጣፉ፣ ዘንጋቸውን እየሰበቁ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ አላፊው መንገደኛ ቆሞ ይዳኝ ነበር። ሙግቱ ላይ ያለው አነጋገርና አቋቋም ሙሉ ትወና ነው፤ ፍርዱ ግን የምር ነው። አባቶቻችን ቴአትር አላሉትም እንጂ፣ ክርክርን በአደባባይ መጫወት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቦአል ከዚህም አልፎ የሄደበት አንድ ዘዴ አለ፤ ስውር ቴአትር ይባላል። ስውር የተባለበት ምክንያት ተመልካቹ ቴአትር እያየ መሆኑን ስለማያውቅ ነው። ፔሩ ውስጥ፣ ቺክላዮ በምትባል ከተማ ባለ ትልቅ ሆቴል የተደረገውን ልንገራችሁ። ምግብ ቤቱ ውስጥ 400 ያህል ሰው አለ። ተዋንያኑ እንደማይተዋወቁ ሆነው በየጠረጴዛው ተበትነዋል። አንደኛው 70 ሶል የሚያወጣ ስቴክ አዘዘ፣ አጣጥሞ በላ፣ ሒሳብ ሲመጣ ገንዘብ የለኝም፣ በጉልበቴ እከፍላለሁ አለ። አስተናጋጁ ደነገጠ። ሰውየው በእርጋታ ቀጠለ፤ ቆሻሻ ብጥልላችሁ በሰዓት ስንት ትከፍላላችሁ? ከሌላ ጠረጴዛ ሁለተኛው ተዋናይ፣ ሰባት ሶል ነው አለ። በአሥር ደቂቃ ለበላሁት ስቴክ አሥር ሰዓት ቆሻሻ ልጥል ነው? እንግዲያው አትክልተኛ ልሁን። አትክልተኛው ደግሞ አሥር ሶል ያገኛል፤ ሰባት ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ምግብ ቤቱ በሙሉ ሹካውን አስቀምጦ ስለ ደሞዝ ይከራከራል። ኋላ ላይ አንዲት ተዋናይት ሒሳቡን እንክፈልለት ብላ መዋጮ ጀመረች። የተቆጣ ነበር፤ ነገ ደግሞ ለቤንዚን አዋጡልኝ ሊል ነው ያለም አልጠፋም። የሆነ ሆኖ 100 ሶል ተሰበሰበ። ተዋንያኑ ይህ ቴአትር ነው ብለው ሳይናገሩ ወጡ።

ዘዴው ብልህ ነው። ደስ የማይለኝ ነገር ግን አለበት። ያ አስተናጋጅ ምን አደረገ? ተቀጣሪ ነው፤ እሱም በሰዓት የሚያገኘው ከአትክልተኛው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። የሠራተኛን ደሞዝ ለማንሣት ተብሎ አንድ ምስኪን ሠራተኛ በአለቃው ፊት ተጨነቀ። የተከራከሩትም ሰዎች ቴአትር መሆኑን ቢያውቁ ያንን ይናገሩ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። ቦአል የሚሰጠው መልስ፣ ምንም የፈጠርነው ውሸት የለም፣ ደሞዙ እውነት ነው፣ ስቴኩም እውነት ነው የሚል ነው። እኔን አያሳምነኝም። በመድረክ ቴአትር ላይ ሰው «ቁም!» የሚለው ወዶና አውቆ ነው፤ በስውሩ ግን ሳይጠየቅ ተዋናይ ይሆናል። ዛሬ፣ ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ በሚቀርጽበት ዘመን፣ ባይደገም እመርጣለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳይመለስ የቆየ አንድ ጥያቄ አለ። ሰዉ ተከራከረ፣ ተነቃቃ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያስ? ቦአል በ1986 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወታደሮቹ ከሥልጣን ወርደው ነበር። በ1992 የሠራተኞች ፓርቲ ለሪዮ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሲዘጋጅ የቦአል ቡድን በቅስቀሳ ሊያግዝ ሄደ። እግረ መንገዱን አንዳችሁ ተወዳደሩ ተባለና ቦአል እንደማይመረጥ እርግጠኛ ሆኖ ተመዘገበ። ተመረጠ!

ቢሮው ሲሰጠው ባለሙያና አማካሪ አድርጎ የቀጠረው የቴአትር ጓደኞቹን ነበር። በሪዮ ድሃ ሰፈሮች፣ በአረጋውያን፣ በዓይነ ስውራን፣ በጎዳና ልጆችና በሌሎችም መካከል የመድረክ ቴአትር ቡድኖችን አቋቋሙ። በየጨዋታው ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ የሰነዘረው ሐሳብ ይመዘገባል። መዝገቡ ወደ ቢሮው ይመጣል። የሕግ ዐዋቂ ተጨምሮበት ይመረመራል፦ ይህ በትምህርት የሚፈታ ነው? ያለ ሕግ ሳይሠራበት ቀርቶ ነው? ወይስ አዲስ ሕግ ይፈልጋል? አዲስ ሕግ የሚፈልገው ተረቅቆ በቦአል ስም ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ዘዴውን ሕግ አውጪ ቴአትር አሉት። ከ1993 እስከ 1996 ባለው አንድ የሥራ ዘመን 13 ረቂቆች ጸድቀው ሕግ ሆኑ።

ሕጎቹን ስትሰሙ ትልልቅ አይመስሉም። አንዱ የከተማው ሆስፒታሎች የአረጋውያንን ሕመም የሚያውቅ ሐኪም እንዲኖራቸው ያዛል። ሌላው ለወንጀል ምስክሮች ከለላ ይሰጣል። እኔ የምወደው ግን የስልኩን ነው። የብራዚል የመንገድ ስልክ ቀጭን ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ክብ ቆብ ያለው ነበር። ዓይነ ስውሩ በበትሩ መሬቱን እየዳበሰ ሲሄድ በትሩ ከቆቡ ሥር ያልፋል፣ ግንባሩ ግን ከቆቡ ጋር ይላተማል። ማንም መሐንዲስ፣ ማንም የምክር ቤት አባል ይህን አስቦት አያውቅም፤ ግንባሩ አላበጠማ። ሕጉ ከስልኩ ሥር ከፍ ያለ መደብ እንዲሠራ አደረገ፤ በትሩ መደቡን ሲነካ ሰውየው ይቆማል። ይህ ዕውቀት ከባለሙያ ጥናት የመጣ አይደለም። ዓይነ ስውራኑ ራሳቸው ተጫውተው ያሳዩት ነው።

በ1996 ቦአል በድጋሚ ተወዳድሮ ተሸነፈ። የምክር ቤት ቢሮ ሲዘጋ ደሞዝና መኪና አብሮ ይዘጋል፤ በየሰፈሩ ከተቋቋሙት ቡድኖችም ብዙዎቹ አልዘለቁም። የዘዴው ድካም እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ክርክሩን ወደ ሕግ የሚያሻግር በር ከሌለ ቴአትሩ ብቻውን ሩቅ አይሄድም፤ በሩን የሚከፍተውም ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ነው። ካሚሪቱ ላይ በሩ ጭራሽ አልነበረም። ንጉጊ ከእስር ከወጣ በኋላ መንደርተኛው በ1982 ሌላ ሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጅቶ ናይሮቢ ብሔራዊ ቴአትር ሊያቀርብ መጣ፤ በሩ ተቆልፎ ጠበቀው። በዚያው ዓመት ማርች ወር ፖሊሶች በጭነት መኪና መጥተው መንደርተኛው በገዛ እጁ የሠራውን መድረክ አፈራረሱት። ንጉጊም ወደ ስደት ወጣ።

ዘዴው ግን ከሪዮ ውጭ ሥር ሰዷል። ሕንድ፣ ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ በ1985 የተመሠረተው ጃና ሳንስክሪቲ የተባለ ቡድን ተዋንያኑ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ሕገ ወጥ አረቄ፣ ስለ አካባቢ አስተዳደር እየተጫወቱ መንደር ለመንደር ይዞራሉ። እንግሊዝ አገር በማንቸስተር አካባቢ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ማጣትን ለመከላከል የወጣው ዕቅድ ሲዘጋጅ ሕግ አውጪ ቴአትር አንዱ መንገድ ሆኖ ነበር፤ ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎች ተጫወቱ፣ ባለሥልጣናት ከተመልካቹ ጋር ተቀመጡ። ቦአል የማንቸስተሩን ሳያይ በ2009 ሜይ 2 ቀን ሪዮ ውስጥ ዐረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት የዓለም የቴአትር ቀንን መልእክት ያስተላለፈው እሱ ነበር።

የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ፣ የሰፈር ወጣቶች ቡድን ወይም ማኅበር ያላችሁ አድማጮች ልትሞክሩት ብትፈልጉ ጥቂት የተግባር ነገር ልጨምር። ተውኔቱ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ታሪኩ በአካባቢያችሁ የሆነና ብዙ ሰው የሚያውቀው ይሁን፤ ስም ግን አትጥሩ። መፍትሔውን ከልባችሁ ካወቃችሁት ያንን ታሪክ ተዉትና እናንተንም ግራ የሚያጋባችሁን ምረጡ። በዳዩን የሚጫወተው ከሁሉ የተሻለው ተዋናይ ይሁን፤ ደካማ ከሆነ ተመልካቹ በቀላሉ ያሸንፈውና ክርክሩ ይሞታል። ጆከር የሚሆነው ሰው ደግሞ ዳይሬክተሩ፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩ ወይም መምህሩ አይሁን፤ እነሱ ከያዙት ማንም ደፍሮ አይነሣም። የመጀመሪያው ሰው እስኪነሣ ዝም ማለት አለ፤ በዝምታው አትደንግጡ፣ እናንተም አትሙሉት። አንድ ሰው ደግሞ ጥግ ይዞ እየተነሣ የሚባለውን ሁሉ ይጻፍ። ጽሑፉን በማግስቱ ለሚመለከተው ክፍል የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ጨዋታው ሳይጀመር ወስኑ።